ግዛዋ መስሏት የቆረጠችው

በዚህ ነገር ውስጥ የነበሩትን ሰዎች ስማቸውን ሳልጠራ አንድ በአንድ ላስተዋውቅ። አንደኛው እኔ ነኝ፤ በየአዲሱ ቤት የኤሌክትሪክ መስመር የምዘረጋ፣ ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ቤት ያልገባሁ፣ የማውቀውን ሁሉ ከአሮጌ መጽሐፍና ከሰው አፍ የለቃቀምኩ አባት። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት፤ ቡራዩ መንገድ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም ትቸረችራለች። ሦስተኛዋ ሴት ልጃችን ናት፤ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። አራተኛዋ ከእኛ ቀጥሎ ያለውን ክፍል የተከራየች፣ ከደቡብ መጥታ አበባ እርሻ ውስጥ ጽጌረዳ የምታስር ወጣት ሴት ናት። አምስተኛው የግቢው ባለቤት፣ ሁላችንም ኦቦ ብቻ እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ ናቸው። ስድስተኛው ትንሹ ልጃችን ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን እሱ በሕይወት አልነበረም፤ ነገር ግን ከሁላችን ይልቅ ቃሉ የተደመጠው የእሱ ነው።

አደጋ ላይ የወደቀው የአራተኛዋ ሰው ስም ነበር። እንደኛ ባለ ግቢ ውስጥ፣ ቧንቧው አንድ፣ ሽንት ቤቱ አንድ፣ የልብስ ማስጫ ገመዱ አንድ በሆነበት፣ ስሟ የጠፋ ሴት የምትቆምበት ቦታ የላትም።

ቅጠል መለየት የጀመርኩት ሱሉልታ ላይ ነው። የማስገባው መስመር ሲያልቅ፣ ሲሚንቶ እስኪደርቅ ስጠብቅ፣ ሜዳውን እየዞርኩ የአገሬውን ሰው እጠይቅ ነበር። ይህ ምንድን ነው፣ ለምን ይሆናል፣ ከዚያኛው በምን ይለያል። ሰው ዐይን ስላለው ብቻ የሚያይ ይመስለዋል። አያይም። አረንጓዴ ነው ብሎ ያልፋል። እኔ ልጆቼ እንዲህ ሆነው እንዲያድጉ አልፈለግሁም፤ ስለዚህ ሴት ልጄን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቅጠል እያስያዝኩ እጠይቃት ነበር፤ ስትሳሳት አላቆላምጣትም፣ እንደገና እንድታይ እመልሳታለሁ።

ከሁሉ አጥብቄ ያስተማርኳት አራት ዘመዳሞችን ነው። ግዛዋ፣ አውጥ፣ እምቧይና አጤ ፋሪስ። አውጥን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጥቁር ፍሬውን ለቅሞ ይበላዋል። እምቧይ፣ ኦቦ ሂዲ የሚሉት፣ ግንዱም የቅጠሉም ጀርባ እሾህ ስላለው ራሱን አይደብቅም። የሚያስቸግሩት ሁለቱ ናቸው። ግዛዋ ሰው ሲታመም የሚታጠንበት ነው፤ አጤ ፋሪስ ደግሞ አእምሮ የሚያስት መርዝ ነው። ግዛዋ ሲያፈራ ቀይ ፍሬው ስስ ወረቀት በመሰለ ከረጢት ተጠቅልሎ ይንጠለጠላል፤ አጤ ፋሪስ እንደ ጡሩምባ የረዘመ ነጭ አበባ ያወጣና እሾህ የለበሰ እንቁላል ያፈራል። ያን ጊዜ ዕውር እንኳ አይሳሳትም። ክረምት መግቢያ ላይ ግን አበባም ፍሬም የለም። ሁለቱም ከአንድ የፍርስራሽ ክምር ላይ ጎን ለጎን ይበቅላሉ። የአጤ ፋሪስ ቅጠል ዳሩ ባልተስተካከለ ጥርስ የተቦጫጨቀ ቢሆንም፣ ገና ቡቃያ ሳለ ጥርሱ ጎልቶ አይወጣም። ስለዚህ ልጄን እንዲህ አልኳት፦ በዐይንሽ ብቻ አትተማመኚ፣ አውራ ጣትሽን በቅጠሉ ገጽና በግንዱ ላይ አስኪጂ። ግዛዋ አመድ የተነፋበት የሚመስል ደቃቅ ጸጉር አለው፤ ዳሩም ያለ ጥርስ ይዞራል። አጤ ፋሪስ ልሙጥ ነው፤ ጣትሽ ዳሩ ላይ ሲደርስ ይደናቀፋል።

ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ትስቅ ነበር። አንድ ቀን ሁለታችን በር ላይ ቅጠል ስናገላብጥ ቲማቲሟን እየለየች፣

«አባትሽ ሚስት ሲመርጥ እንዲህ ቢያገላብጥ ኖሮ እኔን አያገባም ነበር» አለቻት።

«አገላብጬ ነው ያገባሁሽ» አልኳት።

«ታዲያ ጥርሴን አላየህም» አለች፤ ልጄ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ባለቤቴን ግን አላስተማርኳትም። እሷም አልፈለገችም፣ እኔም ያልፈለገን ሰው የምለምንበት ትዕግሥት የለኝም።

ትንሹ ልጃችን የሞተው ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ነው። ትኩሳት ያዘው፣ ጤና ጣቢያ ወሰድነው፣ ወደ ሆስፒታል ጻፉልን፣ መንገድ ላይ አለፈ። ምን እንደገደለው በቁርጥ የነገረን ሰው የለም። ጎረቤታችን በጣም ትወደው ነበር። ከእርሻው አንገቱ ተሰብሮ የተጣለ ጽጌረዳ ታመጣለታለች፤ እሱም የሠራተኞቹ አውቶቡስ ሲደርስ አውቆ በሯ ላይ ይጠብቃታል። ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስታጎርሰው ሁላችንም ስንወጣ ስንገባ አይተናል። ሲሞት ከእናቱ ያላነሰ አለቀሰች።

ሴት ልጄ የታመመች ጊዜ እኔ ሱሉልታ ሥራ ላይ ነበርኩ። ራስ ምታትና ትኩሳት ነበር፤ ጤና ጣቢያ ታይታ ኪኒን ተሰጥቷታል። ትኩሳቱ ግን ወዲያው አልወረደም፤ ባለቤቴ ደግሞ ያልወረደ ትኩሳት መጨረሻውን አይታለች። ልጅቷን ትታ መውጣት ስለፈራች፣ በዚያ ቀን ዕረፍት የነበራትን ጎረቤታችንን ጠራቻት። የተባባሉትን ኋላ ከሁለቱም ሰምቻለሁ።

«ግዛዋ ቁረጪልኝ፣ ላጥናት» አለች ባለቤቴ።

«እትዬ፣ የኛ ቤተ ክርስቲያን እኮ እንዲህ ያለ ጭስ አይፈቅድም።»

«አንቺን ታጠኚ አላልኩሽም። ቆርጠሽ ማምጣት ብቻ ነው።»

«ቅጠሉንስ በምን አውቀዋለሁ? እኔ የማውቀው ጽጌረዳ ነው።»

«ከኋላ ጅምሩ ቤት ያለው ክምር ላይ ሞልቷል። አባቷ ከዚያ ነው የሚያመጣው። ሲታሽ ይሸታል።»

ሲታሽ ይሸታል። ከዓመታት ንግግሬ ባለቤቴ ጆሮ የቀረችው ይህች ብቻ ናት። ሁለቱም ሲታሹ ይሸታሉ። በቤቱ ውስጥ ሁለቱን መለየት የምትችለው አንዲት ሰው ደግሞ ብርድ ልብስ ተከናንባ የተኛችው በሽተኛ ነበረች።

ጎረቤታችን ዝናብ እየመታት እቅፍ ሙሉ ቆርጣ አመጣች። ባለቤቴ ከፊሉን ከሰል ላይ አድርጋ ልጅቷን በብርድ ልብስ ሸፍና አጠነቻት፤ ከፊሉን አሽታ ጭማቂውን በአፍንጫዋ ጨመቀችላት። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ።

«ና» አለችኝ ባለቤቴ። ድምፅዋ ውስጥ ፍርሃት አልነበረም፤ ያስፈራኝ እሱ ነው። «ልጁ መጥቷል።»

«የቱ ልጅ?»

«ልጃችን ነዋ።»

ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ ቡራዩ፤ በታክሲው መስኮት የሚወርደውን ውኃ እያየሁ አንድም ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ግቢ ስደርስ ሴቶቹ በራችን ላይ ተሰብስበዋል። ኦቦ በጃንጥላ መሐል ግቢ ቆመዋል።

«ማል ታኤ?» ሲሉ ጠየቁኝ፣ ምን ተፈጠረ ማለታቸው ነው፤ እኔ ከእሳቸው የበለጠ የማውቅ ይመስል።

ልጄ አልጋ ላይ ቁጭ ብላለች። ፊቷ ቀልቷል፣ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ በጣቶቿ ከአየር ላይ የማይታይ ክር ትለቅማለች። ጥግ ጥጉን እያየች ታወራለች፤ ትጠይቃለች፣ ዝም ብላ ታዳምጣለች፣ ትመልሳለች።

«ጫማህስ? … ማን ወሰደው? … ና እዚህ፣ አትፍራ።» ከዚያ በተከፈተው በር ወደ ውጭ ተመለከተች። ጎረቤታችን በገዛ በሯ ላይ ቆማ ነበር። «እሷ ጭን ላይ ነው። ልቀቂው በሏት። ብርድ ነው እያለ ነው። እማዬ፣ ንገሪያት፣ ብርድ ነው ይላል።»

ከሴቶቹ አንዷ በዝግታ፣ «ተናገረች» አለች። ሌላዋ፣ «ቡዳ የበላው ሰው ሲታጠን እንዲህ ነው የሚለፈልፈው» አለች። ሁሉም ዞረው ጎረቤታችንን አዩ። እጇ ላይ የቅጠሉ አረንጓዴ አልለቀቀም ነበር።

እኔም አመንኩ። ለብዙ ጊዜ አይደለም፤ ግን አመንኩ። ልጄ ከሞተ ጀምሮ ማን ወይም ምን እንደወሰደው የሚነግረኝ አጥቼ ነበር፤ አሁን ፊት ያለው፣ ስም ያለው፣ በር ላይ የቆመ ሰው ተሰጠኝ። ውስጤ የገባው ቁጣ እንዳይመስላችሁ። እፎይታ ነው። በሕይወቴ ካገኘኋቸው ስሜቶች እጅግ የምፈራው እሱን ነው።

«እኔ ነኝ፣ አባትሽ» ብዬ ልጄን በሁለት እጄ ያዝኳት። ቀና ስትል ዐይኗን አየሁት። ቡናማው ክፍል ጠፍቶ ጥቁሩ ብቻ ቀርቷል፤ መስኮት ፊት ለፊት ሆና እንኳ አይጠብም። ያን ጊዜ ወደ በሩ ደፍ ጎንበስ አልኩ። የተረፈው ቅጠል እርጥብ እንደሆነ ተጥሏል። አውራ ጣቴን አስኬድኩበት። ልሙጥ ነው። ዳሩ ላይ ስደርስ ጣቴ ተደናቀፈ።

ቅጠሉን በኪሴ፣ ልጅቷን በጀርባዬ አድርጌ ጤና ጣቢያ ሄድን። የጤና መኮንኑ በባትሪ ዐይኗን አየና ምን ቀምሳለች ብሎ ሲጠይቀኝ ቅጠሉን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት።

«አጤ ፋሪስ» አለ ወዲያው። «እኛ አገር ከብት እንኳ አይነካውም። ይዘኸው መምጣትህ ጠቅሞናል።» የሚደረገውን አደረጉላት። እየዋለ እያደረ ቃሏ እየጠራ፣ ጥግ ጥጉን ማየት እየተወች መጣች። ፊደል ግን ለረጅም ጊዜ ይደበዝዝባት ነበር።

እኛ ስንመለስ ግቢው ፈርዶ ጨርሷል። ጎረቤታችን ቧንቧ ጋ ስትመጣ ሴቶቹ ባልዲያቸውን ያነሳሉ። ስታልፍ ልጆቻቸውን ይጠራሉ። ሰላምታዋን የሚመልሱላት ኦቦ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ፊታቸውን ሳያዞሩ። ባለቤቴ እንኳ በሩን ገርበብ አድርጋ ትቀመጥ ነበር። ይህን ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ልጆቼን ስቀጣ የኖርኩት ግማሽ እውነት ውሸት ነው እያልኩ ነው።

እሑድ ሰው ሁሉ እቤቱ ሲውል በኦቦ በረንዳ ላይ ሰበሰብኳቸው። አንድ የግዛዋ ቅርንጫፍ፣ አንድ የአጤ ፋሪስ ቅርንጫፍ ከዚያው ክምር ቆርጬ ነበር።

«ኦቦ፣ ሁለቱንም ይዳስሱልኝ» አልኳቸው።

ዳሰሱ። «ይኸኛው ጸጉር አለው። ይኸኛው የተላጨ ነው» አሉ፤ ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ደስ አለኝ፤ ሰው ከሳቀ ሊሰማ ነው ብዬ።

«ልጄ የታጠነችው በተላጨው ነው። ይህ ቅጠል አእምሮ ያስታል። የተናገረችው መንፈስ አይደለም፣ መርዝ ነው» አልኩ።

«ቅጠል የሞተ ሰው ያውቃል እንዴ?» አለች አንዷ። «ወንድሟን እኮ ነው ያየችው።»

«ወንድሟን ስለምትናፍቀው አየችው። ጭን ያለችውም እዚያ ሲቀመጥ ስታየው ስለኖረች ነው።»

ኦቦ ቅርንጫፎቹን በእጃቸው እያገላበጡ፣ «እሺ፣ ቅጠሉ ነው እንበል» አሉ። «ማነው የቆረጠው?»

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ማወቅ ነበረብኝ። ስለ ቅጠሉ ዳር እያሰብኩ ስለ ሰው አላሰብኩም። ከመመለሴ በፊት ጎረቤታችን ከኋላ ብድግ አለች።

«እኔ ነኝ፣ ኦቦ። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ግዛዋ መስሎኝ ነው።»

«እንግዲያው በዐይኗ አይደለም» አለች ያችው ሴት፣ «በእጇ ነው።»

«ባለቤቴ ናት የላከቻት» አልኩ። እውነት ነበር። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ሁሉም ወደ እሷ ሲዞሩ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «ልኬያት ነው» ለማለትም፣ «አልላክኋትም» ለማለትም አልሆነላትም። ሴቶቹ ለእናት አዘኑ። ለላከች እናት ማዘን ይቻላል፤ ለቆረጠች እንግዳ ግን ማንም አላዘነም።

ኦቦ ክፉ ሰው አይደሉም። ሰዉ ሲበተን ጠርተው፣ «ልጄ፣ በድለሻል አልልሽም» አሏት። «ግን ግቢዬ ሰላም አጣ። ሌላ ቤት ፈልጊ።» ወሬው ቤተ ክርስቲያኗም ደረሰ። እዚያ ደግሞ ስለ መርዙ የጠየቃት የለም፤ ለጭስ ቅጠል ቆርጣለች ተብሎ ከመዘምራኑ ወጥታ እንድትቀመጥ ተደረገ። ፍራሿን በጋሪ አስጭና ስትወጣ ያገዝኳት እኔ ብቻ ነበርኩ።

እሷ በሄደች ማግስት ባለቤቴ ሽንኩርት እየላጠች፣ ቀና ሳትል፣

«ከዚያ ቅጠል የተረፈ አለ?» አለችኝ።

«ለምን?»

«ነገሩን አልጨረሰም እኮ። ብርድ ነው ካለ በኋላ ሌላም ሊል ነበር።»

«እሱ አይደለም ያለው። አስረዳሁሽ። ልጅቷ ናት።»

«ገብቶኛል» አለች። «ግን በእሷ አፍ ይበል እንጂ፣ ድምፁን ሰምቻለሁ።»

ያን ቀን ወደ ክምሩ ሄጄ አጤ ፋሪስ የተባለውን ሁሉ ከነሥሩ ነቀልኩ። ዘሩ ግን አፈሩ ውስጥ ይቀመጣል፤ ይህንንም አውቅ ነበር።

ከወራት በኋላ ጎረቤታችን የእርሻው አውቶቡስ ከማይደርስበት ሰፈር ስለገባች አበባውን ትታ ሰበታ ፋብሪካ መግባቷን ሰምቼ ከልጄ ጋር ሄድን። ከሦስት ሠራተኞች ጋር አንድ ክፍል ትጋራለች። ስታየን ደነገጠች፣ ከዚያ ልጄን አቅፋ ሳመቻት።

«ጋሼ፣ ሻይ ላፍላ? ቅጠሉን ከሱቅ ነው የገዛሁት፣ አይፍሩ።»

ሳቅሁ። «ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኳት።

«በየቱ? እውነቱን በመናገርዎ ነው?»

«እውነቱን ስናገር አንቺ የት እንደምትቆሚ ባለማሰቤ።»

«እኔ ቡዳ ከምባል መርዛም ብባል ይሻለኛል» አለች። «መርዛም እንኳ በስህተት ይሆናል።» ውኃውን ምድጃ ላይ ጣደችና ልጄ ፊት ቁጭ አለች። ለረጅም ጊዜ ስትይዘው የኖረችው ጥያቄ እንደሆነ ገባኝ። «እውነት አይተሽው ነው? ጭኔ ላይ?»

ልጄ ወደ እኔ አየች። «አላስታውስም» አለች።

«እሱማ የቅጠሉ ነው፣ አባትሽ ተናግረዋል። ግን ከዚያ ወዲህ ቁጭ ስል ጭኔ ይከብደኛል። ሥራ ቦታ ሳይቀር። ብነሳ ይወድቅ ይሆን እያልኩ ቀስ ብዬ ነው የምነሳው።»

ወደ ቡራዩ እንድትመለስ፣ ኦቦን እኔ እንደማናግርላት ነገርኳት። እንቢ አላለችም፤ ውኃው ፈልቷል ብላ ተነሳች፤ እውነትም ቀስ ብላ ነው የተነሳችው። በመንገድ ላይ ልጄን በእርግጥ አታስታውሺም ወይ አልኳት። «አባዬ፣ ተወው» አለችኝ። ዋሽታ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ እንደገና እንድታይ አልመለስኳትም።

በቀጣዩ ክረምት መግቢያ ከሥራ ስመለስ ባለቤቴን ጅምሩ ቤት ኋላ ክምሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ቡቃያው ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ አበባም ፍሬም የለውም። አንዱን ቅጠል ይዛ አውራ ጣቷን በገጹ ላይ፣ ከዚያ በዳሩ ላይ ቀስ አድርጋ ታስኬዳለች። ጸጉር ያለውን ትታ ወደሚቀጥለው አለፈች። ለይታ አውቃዋለች። እኔ ሳላስተምራት፣ በዚያ እሑድ በረንዳው ላይ ያየችውንና የሰማችውን አስታውሳ፣ ጥርስ ያለውን ትፈልጋለች። ቀርቤ እጇን ያዝኩ። አልታገለችኝም። ያን ክምር በማግስቱ ከኦቦ ጋር በአካፋ ገልብጠን በጋሪ አስወሰድነው፤ አፈሩ የት እንደተደፋ ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

የአንድ እቅፍ ቅጠል ዋጋው እንግዲህ ሲደመር ይህን ያህል ነው። ጎረቤታችን ክፍሏን፣ የአበባ እርሻ ሥራዋንና መዝሙሯን አጣች። ኦቦ ያን ክፍል የሚከራያቸው አላገኙም፤ አሁን ጭድ ያስቀምጡበታል፣ ከግቢው ልጆች ማንም በሩን አይነካም። ልጄ ደኅና ናት፣ ታነባለች፣ ግን ቅጠል በእጇ አትይዝም፤ ዕፅዋት እማራለሁ ትል የነበረችው ሒሳብ አያያዝ ልማር ትላለች። ከእኔ የሄደው ብዙ አይደለም፤ እውነትን ከተናገርኩ በኋላ ተኝቶ ማደር ነው። ባለቤቴ ግን ልጇን ሁለት ጊዜ ቀበረች፤ በሁለተኛው ጊዜ ብርድ እንደያዘው እያወቀች።